ጥያቄና መልስ፦ የዴዘርታ ግራንዴው ሸረሪትና የመጥፋት አደጋው

ይህ ሸረሪት የት ነው የሚገኘው?
በፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት አቅራቢያ፣ ሰው በማይኖርባት በዴዘርታ ግራንዴ ደሴት። እዚያም ቢሆን በሰሜን ጫፏ ካለው ከካስታኜይራ ሸለቆ አይወጣም። ሳይንሳዊ ስሙ ሆግና ኢንገንስ ነው፤ ከነእግሩ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ይነድፋል?
መርዝ አለው፤ ለሰው ሕይወት ግን አያሰጋም።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከ4 ሺህ በላይ አዋቂ ሸረሪት እንዳለ ተገምቷል። ታዲያ እንዴት ከሁሉም የከፋው የስጋት ደረጃ ተሰጠው?
ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ደረጃውን የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ (የዝርያዎች የመጥፋት ስጋት ዝርዝር) አምስት መስፈርቶች አሉት፤ ከአምስቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። በቁጥር ማነስ ቢሆን ኖሮ፣ እየቀነሰ ላለ ዝርያ እንኳ አዋቂዎቹ ከ250 በታች መሆን ነበረባቸው። ይህ ሸረሪት የገባው በቦታ ጥበት ነው፦ የሚኖረው አንድ ስፍራ ብቻ፣ ስፍራው ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች፣ መኖሪያውም እየተበላሸ። በጥናት የተገመተው ይዞታው 23 ሄክታር ነው፤ ድሮ 83 ሄክታር ገደማ እንደነበር ይታሰባል። አንድ መጥፎ ዓመት ሁሉንም በአንዴ ሊያገኛቸው ይችላል።

ለአደጋ የዳረገው ምንድን ነው?
ፋላሪስ አኳቲካ የተባለ መጤ ሳር። ሸረሪቱ ድር አድርቶ አያድንም፤ ቀን ድንጋይ ሥርና የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ይሸሸጋል። ሳሩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ሥሩ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ድንጋዩን ከአፈር ጋር ያጣብቃል። መግቢያ የለም ማለት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደሴቷ ይኖሩ የነበሩ ጥንቸሎች ሲወገዱ ሳሩን የሚግጥ ጠፋና ተስፋፋ። ጥንቸሎቹን ማስወገድ ግን ትክክል ነበር፤ አገር በቀሉን ዕፅዋትም ይጨርሱ ነበርና። የጎደለው ሳሩን ጎን ለጎን መቆጣጠሩ ነው።

ታዲያ ሳሩን መንቀል ነዋ?
በእጅ መንቀል ድንጋዩን ያናጋል፤ ልናድነው የምንፈልገው መጠለያ ደግሞ እሱው ነው። ሥር ከቀረም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተሞከሩት ዘዴዎች የተሻለ ውጤት ያሳየው ፀረ አረም ነው። ሆኖም የአንድ ጊዜ ርጭት አይበቃም፤ በአፈር የቀረው ዘር ሲበቅል ተመልሶ መርጨት ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ የብሪስቶል መካነ እንስሳት አራብቶት የለም?
አዎ፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያልጎለመሱ 25 ሸረሪቶች ተወስደው፣ በቀጣዩ ዓመት ከሺህ በላይ ተፈለፈሉ። ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፦ ግልገሎቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ለእያንዳንዱ የብቻው ዕቃ ይዘጋጃል። የዘር ሐረጉ ከጥቂት ወላጆች ስለሚነሳም የዝምድና መዳቀል ያሰጋል፤ ማን ከማን እንደተዳቀለ መመዝገብ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ መጠባበቂያ ነው። ሸለቆው ሳር ለብሶ ሳለ የተመለሰ ሸረሪት የሚገባበት ስንጥቅ አያገኝም። ስለዚህ በጀት ሲያጥር፣ በእኔ አመለካከት፣ ሳሩ ይቅደም።

ደሴቷን የሚጎበኝ ሰው ምን ይጠንቀቅ?
መጀመሪያ ፈቃድ ያውጣ፤ ጥብቅ ክልል ናት። ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት የጫማውን ሶልና የካልሲውን ስፌት በብሩሽ ያራግፍ፤ የሳር ዘር የሚጓዘው እዚያ ተሰክቶ ነው። ድንጋይም አይገልብጥ።