ወጭቱ የማን ነው?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ረጅም ስለሆነ ሌሎቹም አንባቢዎች እንዲከተሉን አሳጥሬ ልጀምር። የኮምፒውተር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኛ፣ ከጌም ቤትና ከሱቅ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተርን ምስል የሚያወጣውን ዕቃ) እየለመንክ ፈትሸሃል፤ ውጤቱንም በአማርኛ ቪዲዮ አቅርበሃል። አሁን አንድ አስመጪ ጠርቶሃል። አዲስ ካርድ በገባ ቁጥር ይሰጥሃል፣ በወርም 20 ሺህ ብር ይከፍልሃል። ውሉ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት አስመጪው ያየዋል። አባትህ ደግሞ «የበላህበትን ወጭት ሰባሪ አትሁን፤ ፈርምና ሥራህን ሥራ» ብለውሃል።

«ካርዱን ብወስድ ውሸታም እሆናለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ካርዱን ስለወሰድክ አትሆንም። ያቺን መስመር ከፈረምክ ግን፣ ዛሬ ባትዋሽ ነገ መዋሸትህ አይቀርም።

ከጥያቄዎችህ ሁሉ እዚህ ላይ የቆምኩት እኔንም ስለሚነካኝ ነው። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ጋዜጣ ላይ የቢዝነስ ዘጋቢ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ድርጅት ኢንቨርተር አስመጣና ለመግለጫ ጠራን። ምሳ ነበረ፤ በፖስታ የታሸገ የትራንስፖርት አበል ነበረ፤ ያማረ ብሮሹርም ነበረ። ብሮሹሩን ወደ አማርኛ መለስኩና ዜና ብዬ አወጣሁት። ዕቃውን አብርቼ እንኳ አላየሁትም። ከሦስት ወር በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ቢሮ ድረስ መጡ። ጋዜጣውን በፌስታል ጠቅልለውታል፣ ዜናው ባለበት ገጽ በኩል ታጥፏል። ኢንቨርተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አልጮሁብኝም። «ጥሩ ነው ስላላችሁ ነው እኮ የገዛሁት» ብቻ አሉኝ።

ማንም ዋሽ አላለኝም ነበር። ፖስታውን ከተቀበልኩ በኋላ ግን «ስንት ሰዓት ይሠራል? ዋስትናው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎ ተሰማኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ከአባትህ ጋር አልስማማም፣ ከነአክብሮቴ። ተረቱ ልክ ነው፤ ወጭቱ ግን የአስመጪው አይደለም። አስመጪው 20 ሺህ ብር የሚሰጥህ ለመልክህ ብሎ አይደለም። ተመልካቾችህ ስለሚያምኑህ ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ ዕቁብ ሲደርሰው ካርድ የሚገዛው አንተን አዳምጦ ነው። የምትበላው ከእሱ ወጭት ነው። የአባትህ ተረት የሚመለከተው እሱን ነው።

ይሄ ፈተና ያንተ ብቻም አይደለም። ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ላይ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020 ማለት ነው፣ የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ «ሃርድዌር አንቦክስድ» ለተባለው የአውስትራሊያ የግምገማ ቻናል ኢሜይል ጻፈ። ከእንግዲህ ራሱ የሚያመርተውን የመገምገሚያ ካርድ እንደማይልክላቸው ነገራቸው። ምክንያቱን ልብ በል። ቁጥራችሁ ስህተት ነው አላላቸውም። ጌሞችን በተለመደው አሠራር መለካት ላይ ታተኩራላችሁ፣ ለሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል ለሚሠራው ዘዴ) እና ለሌሎቹ አዳዲስ ነገሮቻችን ቦታ አትሰጡም ነው ያላቸው። የአዘጋገብ አቅጣጫችሁ ከተለወጠ ወደፊት እናየዋለንም ብሏል። ሌሎች ገምጋሚዎች ተቆጡ፣ ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ።

ያንተም አስመጪ «ዋሽልኝ» አይልህም። «ሙቀቱን ትተህ ፍጥነቱ ላይ ብታተኩርስ?» ይልሃል። «ዋጋውን ባታነሳው ምን አለበት?» ይልሃል። ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። በሜይ 2025 አርቲኤክስ 5060 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ሲወጣም እንዲሁ ሆኗል። ካርዱ በገምጋሚዎች እጅ ቢገባም የሚያሠራው ድራይቨር የተባለ ሶፍትዌር እስከ መሸጫው ቀን አልተለቀቀም። ቀድሞ የደረሳቸው፣ ኩባንያው በመረጣቸው ጌሞችና ሴቲንጎች ቅድመ ዕይታ ለመሥራት የተስማሙ ጥቂቶች ነበሩ። በዚያ ዕይታ ላይ የተነገረ ቁጥር ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። የትኛው ቁጥር ይነገር የሚለውን የመረጠው ግን ሻጩ ነው።

ደግሞ ልበ ንጹሕ ስለሆንክ ብቻ አይበቃም። ጂቲኤክስ 970 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ በሴፕቴምበር 2014 ሲወጣ የገመገሙት ሰዎች አልዋሹም። ኩባንያው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው ብሎ ነገራቸው፣ እነሱም ያንኑ ጻፉ። እንግዳ ነገር ያዩት የገዙት ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ 2015 የመጨረሻው ግማሽ ጊጋባይት ከቀሪው 3.5 በጣም የዘገመ መሆኑ ታወቀ። ብሮሹር አትመን የምልህ ለዚህ ነው፤ ከእኔ ኢንቨርተር አይለይም።

አንተ ደግሞ የመለካት ተሰጥዖ አለህ። በ2001 አንዳንድ ጋዜጠኞች ኤቲአይ የተባለውን ኩባንያ ካርድ፣ ራዴዎን 8500ን፣ የጠረጠሩት እንዴት እንደሆነ ታውቅ ይሆናል። ኩዌክ 3 የተባለውን ጌም ወስደው ስሙን ብቻ ቀየሩት። «ኩዌክ» የነበረውን «ኳክ» አሉት። ጌሙ ያው ነው። ፍጥነቱ ግን ወረደ። ድራይቨሩ የጌሙን ስም እያየ ነበር የሚሠራው! በ2011 ደግሞ ስኮት ዋሰን የተባለ ገምጋሚ በሴኮንድ ስንት ፍሬም (ስንት ነጠላ ምስል) የሚለው አማካይ ብቻውን አይበቃም ብሎ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት ጀመረ። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት አንዱ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። መሃል ላይ አንዱ ፍሬም 100 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ ምስሉ ሲደናቀፍ ዓይንህ ያየዋል፣ አማካዩ ግን ይደብቀዋል። ይህን ተማር። የካርዱን ሙቀት፣ የቪዲዮ ኤክስፖርት ጊዜውንም ለካ፤ ተመልካቾችህ ጌመሮች ብቻ አይደሉም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባንክ የአይቲ ሥራ እንደተገኘልህ ጽፈሃል፤ «ግማሽ ልብ ሆኜ አልሠራም፣ ወይ ቻናሉ ወይ ባንኩ» ብለሃል። ባንኩን ግባ። ልቤ ለሁለት ይከፈላል ካልክ፣ የቤት ኪራይህን አስመጪው ሲከፍልልህ ነው ይበልጥ የሚከፈለው። እኔ ከዚያ ኢንቨርተር በኋላ ማታ ማታ አካውንቲንግ ማስተማር ጀመርኩ። ድካሙ ከባድ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ፖስታ መመለስ ቀለለኝ። በሙያው የተከበሩት እንኳ በዚህ ገቢ ላይ ብቻ መቆም አልቻሉም። ከ1997 ጀምሮ የሠራው አናንድቴክ የተባለው የግምገማ ድረ ገጽ በኦገስት 2024 ተዘግቷል። መሥራቹ ቀደም ብሎ ወደ አፕል ሄዷል፤ ዋሰንም ወደ ካርድ አምራቹ ኤኤምዲ። ወንበራቸውን ለቀው ነው የሄዱት፣ ስለዚህ አልወቅሳቸውም። አንተም መለካት ከቻልክ የሚፈልግህ ቀጣሪ አታጣም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልከው፣ አማርኛህ ይበቃል። ካሜራ አትግዛ፣ ስልክህ ጥሩ ነው። ማስተርሱ ይቆይ።

ሰኞ ወደ አስመጪው ስትሄድ እስክሪብቶ ያዝ። ያቺን መስመር ሰርዝና «ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ማንም አያየውም፤ የቁጥር ስህተት ከተገኘ በይፋ ይታረማል» ብለህ ጻፍ። የወር ክፍያውን ተወው። ካርዱን በደረሰኝ ተዋስ፣ የመመለሻ ቀኑን አጽፍ፤ ከማን እንደተዋስክም ቪዲዮው ገና ሲጀምር ተናገር። እምቢ ካለ አመስግነህ ውጣና እንደ ድሮህ ከጌም ቤቱ ተዋስ።

አባትህ ደግሞ እስካሁን አንድም ቪዲዮህን አላዩም ብለሃል። የመጀመሪያውን ታዋቂ ቪዲዮህን አሳያቸው፤ ያረጀ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው መለያውን የሚናገር ፕሮግራም) ተቀይሮ እንደ አዲስ ሲሸጥ ያጋለጥክበትን። ያንን ቪዲዮ አይቶ ካርዱን ሳይገዛ የተረፈው የቪዲዮ አቀናባሪ የላከልህን የድምፅ መልእክትም አስከትልላቸው። ከዚያ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።