ባዶው ሊስት ለምን ወደ ሲምቦል ሜተድ ሄደ?

ጥያቄ፦ በኮመን ሊስፕ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ «አሳይ» የሚባል ጀነሪክ ፈንክሽን (እንደ አርጉመንቱ፣ ማለትም እንደሚሰጠው ዋጋ ዓይነት የተለያየ ኮድ የሚያስኬድ) ጻፍኩ። ሁለት ሜተድ (ለየዓይነቱ የተጻፈ ኮድ) አለው፤ አንዱ ለሊስት (ለዝርዝር)፣ አንዱ ለሲምቦል (እንደ ዋጋ ለሚያገለግል ስም)። ሊስት ስሰጠው አባላቱን አንድ በአንድ ያትማል። ሊስቱ ባዶ ሲሆን ግን «ዝርዝሩ ባዶ ነው» ማለት ሲገባው «ኒል» ብሎ ያርፋል። የሊስቱን ሜተድ ፋይሉ ላይ ከላይም አደረግኩት፣ ከታችም አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። ችግሩ የኤስቢሲኤል (ኮዱን የማስኬድበት የኮመን ሊስፕ ፕሮግራም) ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤስቢሲኤል ትክክለኛውን ነገር ነው የሠራው። ሜተዶቹ ፋይሉ ላይ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጻፉ ምርጫው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ማዘዋወሩን ተወው።

ጀነሪክ ፈንክሽን ሲጠራ መጀመሪያ ለተሰጠው አርጉመንት የሚሠሩትን ሜተዶች በሙሉ ይሰበስባል። ቀጥሎ ለአርጉመንቱ ቅርብ ከሆነው ክላስ (ዓይነት) እየጀመረ ይደረድራቸዋል። የመጀመሪያውን ያስኬዳል፤ የቀሩት ኮል-ኔክስት-ሜተድ (በተራው ቀጣዩን ሜተድ የሚያስኬድ ጥሪ) እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ።

ያንተ ነገር የተጠመዘዘው ድርደራው ላይ ነው። ኒል ባዶ ሊስት ነው፤ ሲምቦልም ነው። ሁለቱም ሜተዶች ይመለከቱታል ማለት ነው። የኒል የራሱ ክላስ ናል ይባላል። የቀዳሚነት ዝርዝሩ በ1994 በወጣው የቋንቋው ይፋዊ ደንብ፣ በአንሲ ስታንዳርድ ተወስኗል፦ ናል፣ ሲምቦል፣ ሊስት፣ ሲኩዌንስ፣ ቲ (ሁሉን የሚያቅፈው ክላስ)። ሲምቦል ከሊስት ይቀድማል። አለቀ፤ የሲምቦሉ ሜተድ ተመረጠ።

መፍትሔው ለናል ራሱን የቻለ ሜተድ መጻፍ ነው። ኮዱን በፊደላችን እንደሚነበበው ላስቀምጠው፦

(ደፍሜተድ አሳይ ((ነገር ናል))
  (ፎርማት ቲ "ዝርዝሩ ባዶ ነው"))

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ናል ሜተድ ውስጥ «ሥራውን ለሊስቱ ላስተላልፍ» ብለህ ኮል-ኔክስት-ሜተድ ብትጠራ የምትደርሰው ሲምቦል ጋ ነው። ያው ኒል ይታተምልሃል። የሊስቱን ሥራ ከፈለግክ ወደ ተራ ፈንክሽን አውጣውና ከሁለቱም ጥራው። የሲምቦሉ ሜተድ ውስጥ «ኒል ከሆነ» የሚል ኢፍ መክተትም ይሠራል፣ እኔ ግን አልወደውም። ሲምቦልን የሚመለከት ኮድ ስለ ሊስት ማወቅ የለበትም።

ድርደራውን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ኮምፒዩት-አፕሊካብል-ሜተድስ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ጀነሪክ ፈንክሽኑንና የአርጉመንቶቹን ሊስት ትሰጠዋለህ። ኒልን ሊስት ውስጥ ከተህ ስጠው። ብቻውን ከሰጠኸው ምንም አርጉመንት የለም ብሎ ነው የሚረዳህ። አሁን ባለህ ኮድ ብትሞክረው የሲምቦሉ ሜተድ አንደኛ፣ የሊስቱ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣልሃል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ በመጣ ቁጥር ከመገመት ይህን መጥራት ይሻላል።

አርጉመንቱ ሁለት ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይረቅቃል። «አወዳድር» የሚል ፈንክሽን አለህ እንበል። አንዱ ሜተድ ኢንተጀርና ነምበር ይቀበላል፣ ሌላው ነምበርና ኢንተጀር። 3 እና 5 ብትሰጠው ሁለቱም ይሆናሉ። ጁሊያ የምትባለው ሌላ ቋንቋ እንዲህ ሲያጋጥማት ምርጫው ግልጽ አይደለም ብላ ስህተት ትሰጣለች። ኮመን ሊስፕ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ያያል። በመጀመሪያው አርጉመንት ከተለያዩ ሁለተኛውን አይመለከትም፤ ስለዚህ ኢንተጀርን ያስቀደመው ያሸንፋል። ይህን ቅደም ተከተል መቀየር ካሻህ ደፍጀነሪክ (ጀነሪክ ፈንክሽን የሚታወጅበት) ላይ አርጉመንት-ፕሬሲደንስ-ኦርደር የሚል ኦፕሽን አለ። ኦፕሽናልና ኪወርድ አርጉመንቶች ግን ምርጫው ውስጥ የሉም።

ራስህ በደፍክላስ የምትሠራቸው ክላሶች ላይ ልጅ ሁልጊዜ ከወላጁ ይቀድማል። ወላጆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ አንተ በደረደርክበት ተራ ነው። በኢኩዌል (ይዘትን በሚያወዳድረው) ሳይሆን በኢኪውኤል (ያው ራሱ መሆኑን በሚያየው) ለአንድ የተለየ ዋጋ የተጻፈ ሜተድ ደግሞ ከክላሶቹ ሁሉ ይቀድማል። ለቁጥርና ለሲምቦል ደህና ነው፤ ለስትሪንግ ግን አትሞክረው፤ ፊደሎቹ አንድ ቢሆኑም ሌላ ስትሪንግ ከሆነ አይቀበለውም።

ቢፎር ሜተድ (ከዋናው ሜተድ በፊት የሚሠራ) ካለህ ደግሞ ልብ በል፦ እነዚህ አንዱ ብቻ ተመርጦ አይሠራም፤ የሚመለከቱት ሁሉ በየተራቸው ይሠራሉ። ሊስት ላይ ቢፎር ብትጽፍ፣ ለኒል ዋናው ሜተድ የሲምቦሉ ቢሆን እንኳ ያ ቢፎር ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜተድ ከፋይሉ ብታጠፋና ፋይሉን እንደገና ብትጭነው፣ የተከፈተው ሊስፕ ውስጥ ያለው አሮጌው ሜተድ አይጠፋም። ፈንክሽኑን በኤፍማካንባውንድ አጥፋና ፋይሉን ጫን፣ ወይም ሊስፑን ዘግተህ ክፈት። የናሉን ሜተድ ከመሞከርህ በፊት ይህን አድርግ፤ ያለዚያ የምታየው ውጤት ከየትኛው ሜተድ እንደመጣ አታውቅም።