ሰናድር፣ አባዱላ፣ ኤርተን፦ ሰው የነበሩ ቃላት

ጥያቄ፦ መናኸሪያ ስንገባ ረዳቶቹ «አባዱላ አለ፣ አባዱላ!» እያሉ ይጣራሉ። ልጄ «ምን ማለት ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። መኪናው ቶዮታ አይደል እንዴ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መኪናውስ ቶዮታ ሃይስ ነው። ስሙ ግን የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከነበሩት ከአቶ አባዱላ ገመዳ የመጣ ነው። ለልጅዎ ሲያስረዱ ግን አንድ እርከን ወደ ኋላ ይሂዱ። «አባ ዱላ» በገዳ ሥርዓት የጦር አዝማች ማዕረግ ነው፤ «ዱላ»ም በኦሮምኛ ሲሳብ ዘመቻ ማለት ነው እንጂ የአማርኛው በትር አይደለም። ማዕረጉ የሰው ስም ሆነ፣ የሰውየው ስም ደግሞ የመኪና። «አባዱላዎቹ ዛሬ የሉም»፣ «አባዱላዬን ሸጥኩት» ሲባል ባለሥልጣኑን የሚያስብ የለም። የተጸውዖ ስም «‑ዎች» እና «‑ዬ» ከተቀጠለለት የወል ስም ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስድብም ሙገሳም አይደለም።

ጥያቄ፦ በቀረርቶና በፉከራ ውጅግራና ሰናድር የሚባሉ የድሮ ጠመንጃዎች ይነሳሉ። «ውጅግራ» የወጣው «ወጋ» ከሚለው ግሥ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጆሮ ላይ ደስ ይላል፣ ግን አይደለም። ከ«ወጋ» ቢሆን «ጅ» ከየት መጣች? «ራ»ስ?

ውጅግራ የፈረንሳዊው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ያሻሻለው ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጦር የወጣ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ ጥይት ተኩሶ ሌላ የሚጎርስ ነበር። ፈረንሳዮቹ «ፊውዚ ግራ» ይሉታል፤ የመጀመሪያው ቃል ጠመንጃ ማለት ነው። አሁን ቀስ ብለው ይበሉት። ከንፈር አሹሎ የሚወጣው «ፊው» በእኛ አፍ «ው» ሆነ፣ «ዚ» ወደ «ጅ» ዞረ፣ «ግራ» እንዳለ ቀረ። ከግራና ከቀኝ ጋር አይገናኝም። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ በስሙ መጨረሻ «ስ» አለች፤ አትነበብም። አባቶቻችን ቃሉን ከወረቀት አንብበውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ግራስ» እንል ነበር። በጆሮ እንደመጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሰናድር የአሜሪካዊው የጃኮብ ስናይደር ስም ነው። እንግሊዞች ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ የተባለ ጠመንጃቸውን በእሱ ዘዴ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው በ1866 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ተቀበሉት። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ የወጡት እንግሊዛውያን ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነው። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ መደራረብ ስለማይወድ በ«ስ» እና በ«ና» መካከል አናባቢ አስገባና «ሰና» አለው።

የቅርቡ ክላሽ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ሚካኤል ክላሽኒኮቭ (1919–2013 እ.ኤ.አ.) የሰጠው ስም አልተቀየጠም፤ ከወገቡ ተቆረጠ እንጂ። ሩሲያውያን ራሳቸው «ካላሽ» ይሉታል። በእኔ ግምት የድሮው አማርኛ የባዕድ ስም ሲያገኝ አኝኮ ነው የሚውጠው፣ የዛሬው ግን ቆርጦ ይጥላል። የአንድ ቃል ምንጭ ሲነገርዎ ድምፁን፣ ዘመኑንና ዕቃውን ያጋጥሙ። ድምፁ ብቻ ከገጠመና ሌላው ካልገጠመ፣ የጨዋታ ፍቺ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ያቆየችው ማርትሬዛ ላይ 1780 ተጽፏል። የዚያን ጊዜ የተሠራ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይናገርም። በወርቅ ሰሪ ሚዛን ያስመዝኑት፦ 28 ግራም ከጥቂት መሆን አለበት፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው። እንዳይፈትጉት፤ ያሳሱታል።

ጥያቄ፦ ለንደን ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባልደረባዬ «አንድ ኤርተን አበድረኝ» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ «ሃንክ ማርቪን ነኝ» ይላል፤ ስሙ ግን እንዲያ አይደለም። እየቀለደብኝ ይሆን? (ከለንደን)

መልስ፦ የምሥራቅ ለንደን ሰዎች፣ ኮክኒዎቹ፣ የቆየ ልማድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መናገር የፈለጉትን ቃል ትተው በእሱ ቤት የሚመታ ሐረግ ወይም የታወቀ ሰው ስም ይጠራሉ። ከዚያ ቤት የሚመታውን ክፍል ይቆርጡና የቀረውን ብቻ ይናገራሉ። ለእንግዳ ሰው የሚያስቸግረው ይህ መቁረጡ ነው፤ ቁልፉ ያለው ባልተነገረው ግማሽ ላይ ነዋ።

አሥር ፓውንድ «ቴነር» ይባላል፤ ለንደን ላይ መጨረሻዋ «ር» ስለማትሰማ «ቴና» ይሆናል። በ1994 እ.ኤ.አ. ኢሞላ ላይ በውድድር የሞተው ብራዚላዊ የመኪና ተወዳዳሪ ኤርተን ሴና ቤት መታለት፤ «ሴና» ተቆርጦ «ኤርተን» ቀረ። አምስት ፓውንዱም «ፋይቫ» ስለሆነ የእንግሊዝ አፈ ታሪክ እመቤት «ሌዲ ጎዳይቫ» ነው። «ሩቢ እንብላ» ካሉዎት የቤልፋስቷ ዘፋኝ ሩቢ መሪ ናት፤ «መሪ» ከ«ከሪ» ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ የሕንድ ወጥ ነው።

ባልደረባዎ ሃንክ ማርቪን ነኝ ያለው ርቦት ነው፦ «ስታርቪን»። ሻዶውስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ስም ነው፣ ይህ ስም ግን ሳይቆረጥ ብዙ ጊዜ ሙሉው ይጠራል። «ነገሩ ፒት ቶንግ ሆነ» ሲሉም (ዲጄ ነው) እንዲሁ አይቆረጥም፤ «ሮንግ» ለማለት ነው፣ ተበላሸ። የትኛው ተቆርጦ የትኛው ሙሉ እንደሚነገር በመስማት እንጂ በሕግ አይለይም። «ኤርተን ሴና አበድረኝ» ብለው ሙሉውን ቢጠሩት ትርጉሙ አይጠፋም፣ ጀማሪነትዎ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ብልግና ይሸፍናሉ። የተቆረጠውን ግማሽ ሳያውቁ አለቃዎ ፊት አይድገሙ። ነገ ማታ ከሥራ ሲወጡ «ሁለት ብሪትኒ» ቢልዎት ግን አይደንግጡ፤ ብሪትኒ ስፒርስ «ቢርስ» ላይ ቤት ትመታለች፣ ሁለት ቢራ ነው።