አክስቴን ምን ነካት?

ጥያቄ፦ አክስቴ አሜሪካ ከሄደች 22 ዓመት ሆናት። ድሮ ድራማ ላይ ወንድና ወንድ ሲተቃቀፉ ካየች ቻናል የምትቀይር ሴት ናት። ዘንድሮ ለፋሲካ ሐዋሳ መጥታ፣ ቡና እየጠጣን ስልኳን አወጣችና የሥራ ባልደረባዋን ሠርግ አሳየችን። ሁለት ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ እሷ በሐበሻ ቀሚስ መሃላቸው ቆማ! እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ፊልም ነው ያበላሻቸው» አሉኝ። እውነት ፊልም ነው?
(ከአቶቴ)

መልስ፦ ፊልም ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የደገፉት 27 በመቶ ነበሩ። በ2023 ግን 71 በመቶ ደረሱ። «ሽማግሌው አልፎ ወጣቱ ተተክቶ ነው» የሚል አይጠፋም። እሱም አለበት፣ ግን በ27 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ ከየት ይተካል? ብዙዎቹ ያኔ «አይሆንም» ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ ልክ እንደ አክስትህ።

ፍርድ ቤት አዟቸው ነው እንዳትለኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ ቀድሞታል።

እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መምህራን ይባረሩ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። የሳን ፍራንሲስኮ ምክር ቤት አባል የነበረው ሃርቪ ሚልክ እንደ እሱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑትን «ማንነታችሁን ለእናት ለአባታችሁ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ ተናገሩ» እያለ ወተወተ። ሐሳቡም ወደቀ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰው የማያውቀውን መጥላት አይከብደውም፣ ሲታመም ሾርባ ያመጣለትን ግን እንዴት ብሎ?

እኛ ጋ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ ከእስሩም በላይ ቤተሰብና ሰፈር አለ። ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? ስለዚህ ሁላችንም «እኔ እንኳ አንድም አላውቅም» እንላለን። እኔም እል ነበር፣ አንዱ የልብ ወዳጄ እስኪነግረኝ ድረስ። (ስሙን እንዳትጠይቀኝ።)

አክስትህን ግን አንድ ነገር ጠይቃት። ከዚያች ሴት ጋር ስንት ዓመት ሠራሽ? የነገረችሽስ በስንተኛው ዓመት ነው? ቀድመው ወዳጅ ሆነው እንደነበር እወራረዳለሁ። እናትህን ደግሞ ለጊዜው ተዋት፤ እሷ ያየችው ፎቶ ብቻ ነው።