መልስ፦ የጎንደር ሸማኔዎች ለውጭ ገበያ

ወንድሜ፣ «ጎንደር ያሉ ሸማኔዎች አንድ ቦታ ተሰባስበው ለውጭ ቢያመርቱ ያድጋሉ ወይ?» ብለሃል። ያድጋሉ፤ ግን መሰባሰብ ብቻውን አያሳድግም።

የፓኪስታኗን ሲያልኮት እይ። የስፖርት ዕቃ መሥራት የጀመረችው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በኋላ በእጅ የተሰፋ ኳስ ለዓለም አቀረበች። ኳሱን የሚገዙት የውጭ ድርጅቶች ግን መመዘኛ ይዘው መጡ። በልጆች ጉልበት ጉዳይ በ1997 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈረመና በየቤቱ ይሰፋ የነበረው ኳስ ቁጥጥር ወዳለበት ማዕከል ገባ። ለ2014 እ.ኤ.አ. የብራዚል ዓለም ዋንጫ ኳስ ስታመርት ደግሞ መርፌና ክር ቀርቶ በሙቀት ማጣበቅ ሆነ። ነጋዴዎቿ ተዋጥተው አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ሠርተዋል! ብራንዱና ዲዛይኑ ግን በአብዛኛው አሁንም የውጭ ነው፤ ዋናው ትርፍ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ወደኛ ስንመጣ፣ የውጭ ገዢ አንድ ቆንጆ ነጠላ አይቶ ብቻ አያዝም። መቶኛውም ያው ስፋት፣ ያው ጥለት፣ ቀለሙም የማይለቅ መሆን አለበት። አንዱ ማጉን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከሠራው ትዕዛዙ ተመለሰ በለው። ስለዚህ መጀመሪያ ክር በጋራ ግዙ፣ ልክና ቀለም ላይ ተስማሙ። በአንድ ገበያ ላይም አትንጠልጠሉ፤ አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ከአጎአ (ለአፍሪካ ሀገራት ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ስታስወጣ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምን ያህል እንደተጎዳ አይተናል። ለመነሻ ዳያስፖራው ይሻላል፣ ለእሱ ስለ ሀገር ልብስ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።