የብስክሌት ጥያቄና መልስ፦ የታውበር ሸለቆ በሁለት ቀን

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድን መኪና በማይበዛበት፣ የድሮ ከተሞች ባሉበት መንገድ ብስክሌት እየነዳን ማሳለፍ እንፈልጋለን። የታውበር ወንዝን መንገድ ሰዎች ነግረውናል። ከየት ጀምረን የት ብንጨርስ ይሻላል? (መ.፣ ፍራንክፈርት)

መልስ፦ ከሮተንቡርግ ኦብ ዴር ታውበር ተነሥታችሁ ቬርትሃይም ጨርሱ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሮተንቡርግ ኮረብታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 425 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ታውበር ከማይን ወንዝ ጋር የሚገናኝባት ቬርትሃይም ደግሞ 145 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ወንዙ ዳር ካለችው ከዴትቫንግ መንደር ወደ ሮተንቡርግ የሚያስወጣው ዳገት መጨረሻ ላይ፣ እግራችሁ ከዛለ በኋላ ይጠብቃችኋል። ቁልቁለት ነው ብላችሁም አትዘናጉ። 280 ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲከፋፈል እምብዛም አይሰማም፣ መንገዱም አልፎ አልፎ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ የሸለቆውን ጎን ይወጣል። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል።

በባቡር ስትሄዱ ከፍራንክፈርት ቩርትስቡርግ፣ ከዚያ ሽታይናኽ፣ ከሽታይናኽ በትንሿ ባቡር ሮተንቡርግ ትገባላችሁ። ሁሉም የክልል ባቡር ስለሆነ ለብስክሌት ቦታ አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ይጭናል። ስለዚህ ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር ውጡ፤ የብስክሌት ምልክት ያለባቸውን በሮች አይታችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አራት ብስክሌት በአንድ በር ሲገፋ መተላለፊያው ይዘጋና ሠራተኛው ያስወርዳችኋል። የጀርመኑ ወርኃዊ ትኬት ሰውን እንጂ ብስክሌትን አይሸፍንም። በፍራንክፈርት አካባቢ ቦታ እስካለ ድረስ ብስክሌት በነፃ ይጫናል፣ ባየርን ሲገባ ግን የራሱ ትኬት ያስፈልገዋል። ትኬት ስትቆርጡ «ኦብ ዴር ታውበር» የሚለውን አትርሱ፤ ስሙ የሚመሳሰል ከተማ ሌላም ቦታ አለ።

ሮተንቡርግ ውስጥ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ። መንገዱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የጉብኝት አውቶቡሶች ረፋዱ ላይ ሕዝቡን ማራገፍ ከጀመሩ ደግሞ መንዳትም አይቻልም። ከከተማዋ እንደወጣችሁ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ኃይለኛ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ሳይለቀቅ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ልክ ስትፈልጉት ኃይሉን ይቀንሳል።

የመጀመሪያውን ቀን በክሬግሊንገንና በቫይከርስሃይም አድርጋችሁ ባድ መርገንትሃይም እደሩ፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቲውቶን ባላባቶች የተባለው የመካከለኛው ዘመን የጀርመን የሃይማኖትና የጦር ማኅበር ዋና መቀመጫ የነበረው ግቢ እዚያው መሐል ከተማ አለ፤ ናፖሊዮን ማኅበሩን በ1809 እስኪበትነው ድረስ ከዚያ ይመራ ነበር። በሁለተኛው ቀን በላውዳና በታውበርቢሾፍስሃይም ትወርዳላችሁ። ከዚያ በታች ሸለቆው ይጠባል፣ ጫካው ወደ ውሃው ይጠጋል። ለእኛ ከሁሉም የሚያምረው ከጋምቡርግ እስከ ብሮንባኽ ገዳም ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጉልበቱን ጨርሶ እዚህ ሲደርስ በጥድፊያ ያልፈዋል። ከቬርትሃይም በሚልተንበርግ በኩል አሻፈንቡርግ የሚያደርስ ባቡር አለ፣ ከዚያ ፍራንክፈርት ቅርብ ነው።

የመንገዱ ምልክት ነጭ መደብ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ነው። የከተማ ስም የሚጻፈው ትልልቆቹ መገናኛዎች ላይ ብቻ ነው፤ በመሐል ያለው ትንሽ ሰሌዳ ብስክሌትና ቀስት እንጂ ስም የለውም። ሰዎች የሚጠፉት ይህቺን ሰሌዳ ቤት ጥግ ላይ ሳያዩ ሲያልፉ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ምንም ምልክት ካላያችሁ ተመለሱ። አብዛኛው መንገድ ለገበሬዎች የተሠራ ነው፤ በመኸር ወቅት ትራክተር ሲመጣ ዳር ወርዳችሁ አሳልፉት።

ጥያቄ፦ በእቃ መጫኛው ላይ ሁለት ሻንጣ ጭኜ ስነዳ የኋላው ጎማ ሽቦ ይበጠሳል፤ አንዱን ካሠራሁት በኋላ ሌላው ተከተለ። ቁልቁለት ላይም መሪው ይንቀጠቀጣል። ጭነቴ 14 ኪሎ ነው። (ተ.፣ ማንሃይም)

መልስ፦ 14 ኪሎ ለአንድ ሽርሽር ይበዛል፤ ሆቴል ለሚያድር ሰው 8 ኪሎ ይበቃል። ሽቦው የሚበጠሰው ግን በክብደቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው «ስለጠበቀ ተበጠሰ» ይላል፤ በአብዛኛው የሚያስበጥሰው መላላቱ ነው። የላላ ሽቦ ጎማው በዞረ ቁጥር ይፈታል፣ ይወጠራል፤ በመጨረሻ እምብርቱ ጋ በታጠፈበት ቦታ ይደክምና ይቆረጣል። አንዱ ሲሄድ ጭነቱ ጎረቤቶቹ ላይ ስለሚያርፍ ሌላው ይከተላል። ስለዚህ አንድ ሽቦ ከማስቀየር ይልቅ የጎማውን ሽቦዎች በሙሉ ያስወጥሩ። ራስዎ ለመፈተሽ በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት ሁለት እያደረጉ በጣትዎ ጨመቅ ያድርጉ፤ አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ከተጠጋጋ ላልቷል። ግራውን ከቀኙ ጋር አያወዳድሩ፤ ማርሹ ያለበት የቀኝ ጎን ከሥሪቱ የበለጠ የተወጠረ ነው።

መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሽቦውን ከጎረቤቱ ጋር ጠምጥመው ይሰሩት። ቸርኬው ጎብጦ የፍሬኑን ጎማ የሚነካ ከሆነ ፍሬኑን ላላ አድርገው፣ ያንን ፍሬን ሳያምኑ ቀስ ብለው ወደሚቀጥለው ከተማ ይንዱ። የብስክሌት ሱቅ እሁድ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የተበጠሰ ሽቦ ብዙ ጊዜ እስከ ሰኞ ይጠብቃል። ልኩ የሆነ ሁለት መለዋወጫ ሽቦ መያዝ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በማርሹ በኩል ያለውን ለመቀየር ማርሹን መፍታት ስለሚያስፈልግ መፍቻው ከሌለዎት ሽቦው ብቻውን ብዙም አይረዳዎትም።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው ክብደቱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ሲሆን ነው። ከባዱን (መሣሪያ፣ ውሃ፣ ጫማ) በሻንጣው ታችና ወደ ፊት በኩል ያድርጉ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ከአንድ ኪሎ አይብለጥ። ሻንጣውን ተረከዝዎ ፔዳል ሲረግጥ እስከማይነካው ድረስ ብቻ ወደ ኋላ ያስጠጉት። መንጠቆው እቃ መጫኛው ላይ ከተንቀሳቀሰ ከሻንጣው ጋር የመጣውን የፕላስቲክ ማጥበቢያ ያስገቡ። የእቃ መጫኛውን ብሎኖች ማታ ማታ በአለን ቁልፍ ይፈትሹ፤ አብዛኞቹ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። የድንጋይ ንጣፍ ቀስ በቀስ ይፈታቸዋል፣ የታችኛው ብሎን ሲወድቅ ደግሞ መጫኛው ጎማ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዕረፍቴ የሚወድቀው በፍልሰታ ጾም ነው። በጀርመን ገጠር ምን እበላለሁ? (ሀ.፣ ሽቱትጋርት)

መልስ፦ ዋናው ስንቅዎ በሶ ይሁን። 100 ግራም በሶ በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ትንሽ ስኳርና ጨው ጨምረው በጠርሙስ ሲመቱት ምድጃ አይፈልግም፣ ሙቀትም አያበላሸውም። ለሁለት ቀን 400 ግራም በሶና ሁለት እፍኝ ቆሎ ይያዙ። ከዳቦ ቤት ተራውን ትንሽ ዳቦ መግዛት ይችላሉ፤ ብሬትሰል (የተጠማዘዘው ዳቦ) ግን አንዳንድ ቤት በሊጡ ላይ የአሳማ ሞራ ወይም ቅቤ ስለሚጨምር «ሽማልትስ አለው?» ብለው ይጠይቁ። የአካባቢው የግሩንከርን ሾርባ ከእሸት ስንዴ ቢሠራም ብዙ ጊዜ ክሬም ወይም የሥጋ መረቅ ይገባበታል። እሁድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፣ ዳቦ ቤት ቢከፍትም ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የእሁዱን ቅዳሜ ይግዙ። የመቃብር ቦታ ቧንቧ ውሃ ይሰጣል፣ «ካይን ትሪንክቫሰር» (የመጠጥ ውሃ አይደለም) የሚል ከተጻፈበት ግን አይጠጡት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ 50 ኪሎ ሜትር በነሐሴ ፀሐይ መንዳት ለጤና አስቸጋሪ ስለሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ፣ ወይም የቀኑን መንገድ ያሳጥሩ።

በዚያ ሰሞን ክሬግሊንገን ካለፉ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሄርጎትስኪርኸ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አይለፉት። ጀርመናዊው ቀራፂ ቲልማን ሪመንሽናይደር በ1500ዎቹ መጀመሪያ የቀረጸው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ከ9 ሜትር በላይ የሚረዝም የእንጨት መሠዊያ በውስጡ አለ፤ መካከሉ ላይ የሚታየው የእመቤታችን ዕርገት ነው።

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት እናቴን በኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዣት ልሂድ? (ሰ.፣ ኑርንበርግ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ የሚያግዘው ዓይነት መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ባለ 500 ዋት ሰዓት ባትሪ በዚህ ሸለቆ ዝቅተኛው እርዳታ ላይ ሆኖ የአንዱን ቀን መንገድ ይጨርሳል፣ ማታ ማደሪያው ላይ ይሙሉት። የሚያስቸግረው 25 ኪሎ የሚመዝነውን ብስክሌት ሊፍት በሌለው ጣቢያ ደረጃ ላይ መሸከም ነው፤ ሻንጣውንና ባትሪውን አስቀድመው ያውርዱ፣ ለባቡር መቀያየሪያም ቢያንስ 15 ደቂቃ ይተዉ።