በግል በራሪ ወደ ሥራ መመላለስ ይቻላል ወይ ብለህ ለጠየቅከው

«እነ ጄትሰን ዋን ገበያ ላይ ከዋሉ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መኪና ትተን እየበረርን ሥራ እንገባለን ማለት ነው?» ላልከው ወንድሜ፣ ለዓመታት ሄሊኮፕተር ጥገና ላይ ስለሠራሁ ከማውቀው ተነስቼ ልመልስልህ። ጄትሰን ዋን በባትሪና በትንንሽ ፕሮፔለሮች የሚበር፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ በራሪ ነው። ለመዝናኛ አዎ። ለየዕለት ምልልስ ግን ዛሬ ባለው ባትሪ አይሆንም።

መብረሩንስ ይበራል። ጥያቄው ለስንት ደቂቃ ነው። አምራቹ ራሱ የሚናገረው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሄሊኮፕተር በጥሩ አየር ሲበር፣ መድረሻው ከደረሰ በኋላ ገና 20 ደቂቃ የሚያበርረው ነዳጅ ሊኖረው ይገባል። እኛ መጠባበቂያ የምንለው ለዚህኛው ጠቅላላ በረራው ነው ማለት ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥምህ ወይም ማረፊያህ ላይ ሰው ቢቆምብህ ተጨማሪ ደቂቃ ከየት ታመጣለህ?

ቤንዚን በኪሎ ወደ 12,000 ዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል፤ ጥሩ የሚባል ሊቲየም ባትሪ 250 አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ብክነቱ ትንሽ ስለሆነ ክፍተቱን ያጠብበዋል እንጂ አይደፍነውም። በዚያ ላይ ፕሮፔለሮቹ ትንንሽ ናቸው። ማንዣበብ አየርን ወደ ታች መግፋት ነው፤ ሰፊ ሮተር (ሄሊኮፕተር አናት ላይ የሚዞረው ትልቁ ክንፍ) ብዙ አየር በቀስታ ስለሚገፋ ጉልበት ይቆጥባል፣ ጠባቡ ጥቂት አየር በፍጥነት ስለሚገፋ ጉልበት ይበላል። ትልቁ ሮተር ሌላም ጥቅም አለው፦ ሞተር ቢጠፋ ከታች በሚመጣው አየር እየዞረ አብራሪውን በሰላም መሬት ሊያደርሰው ይችላል። ትንንሾቹ ይህ የላቸውም። አንድ ሞተር ቢቆም ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ ከዚያ ያለፈ ከሆነ ያለህ ፓራሹት ነው። ፓራሹት ግን ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል፤ ስትነሳና ስታርፍ ደግሞ ከፍታ የለህም።

«ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ማስታወቂያም አያታልልህ። እዚያው አሜሪካ ክፍል 103 የሚባለው ደንብ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ገደማ በታች የሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ በራሪ ያለ ፈቃድ እንዲበር ይፈቅዳል። ያው ደንብ ግን ሰው በሚበዛበት አካባቢ ላይና በጨለማ መብረር ይከለክላል። ቢሮዎች ያሉት ደግሞ ሰው በሚበዛበት ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ጥገናውን ነው። ሄሊኮፕተር ላይ ዋና ዋና ዳዶዎች ከጠበቁ በኋላ ከዳዶው እስከ ታችኛው ብረት የሚደርስ የቀለም መስመር ይሰመርባቸዋል። ከበረራ በፊት በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ታያቸዋለህ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፣ በረራው ይቆማል። ሮቢንሰን አር22 የሚባለው ትንሽ ሄሊኮፕተር በ2,200 የበረራ ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ በቀደመው፣ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ኤሌክትሪኩ ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ያነሰ ነው፣ እውነት ነው። ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚበር ነገር በየቀኑ የሚያየው ዓይን ይፈልጋል። ለሥራ ዘግይቶ የሚሮጥ ሰው እያንዳንዱን ዳዶ ያያል ብዬ አላምንም፤ በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

እኔ ተስፋ የማደርገው እንደ ጆቢ ባሉት የኤሌክትሪክ አየር ታክሲዎች ነው፤ ቀጥ ብለው ተነስተው ከዚያ በክንፍ ስለሚበሩ ጉልበት ይቆጥባሉ፣ የሠለጠነ አብራሪና አራት ተሳፋሪ ይይዛሉ፣ ከተወሰነ ማረፊያ ተነስተው በተወሰነ ማረፊያ ያርፋሉ። አንተ ተሳፋሪ ነህ፣ ዳዶውን የሚያይ ባለሙያ አለ። የግሉን ለመግዛት ካሰብክ ግን ሻጩን ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቅህ በፊት፣ በአንተ ክብደት፣ በነፋስ፣ መጠባበቂያው ተቀንሶ ስንት ደቂቃ እንደሚቀርህ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቀው።